ኮከብ ነዳጅ ያልቅበታል ሲባል ምን ማለት ነው?

ጣና ሐይቅ 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል። በክብደት 28 ቢሊዮን ቶን መሆኑ ነው። ፀሐይ በየሰከንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም ትለውጣለች። ስለዚህ የጣናን ውሃ ያህል የሚመዝን ሃይድሮጅን ለፀሐይ የ47 ሰከንድ ቀለብ ነው። ባሕር ዳር ላይ አንድ ታንኳ ከደንገሉ መሐል ተገፍቶ ወደ ጥልቁ ውሃ እስኪገባ ያ ሁሉ ያልቃል።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው «ታዲያ እስካሁን እንዴት አላለቀችም?» ብሎ ነው። ይበልጥ የሚያስቸግረው ጥያቄ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ፀሐይ ስትወለድ ከክብደቷ 70 በመቶ ያህሉ ሃይድሮጅን ነበር። ያን ክምችት ዛሬ በምትጠቀምበት መጠን ብናካፍለው ከ70 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይበቃታል። በሃይድሮጅን የምትኖረው ግን 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያም 4.6 ቢሊዮኑን ኖራዋለች። ጎተራው ሞልቶ ሳለ ምድጃው ይራባል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው በኮከብ ውስጥ እሳቱ የሚነድበትና አመዱ የሚከማችበት ቦታ አንድ ስለሆነ፣ ጎተራውና ምድጃው ደግሞ ስለማይገናኙ ነው።

እሳቱ ምን ዓይነት እሳት ነው?

«ይነዳል»፣ «ይቃጠላል» የምንለው ለአነጋገር እንዲመች ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ከአየር ኦክስጅን ጋር ይያያዛል፤ የአተሞቹ አስኳሎች ግን አይነኩም፤ ቦታ የሚቀያየሩት በዙሪያቸው ያሉት ኤሌክትሮኖች ብቻ ናቸው። ፀሐይ እንዳለች ከሰል ብትሆን፣ ለማንደጃ የሚሆን ኦክስጅንም ባይጎድላት፣ አሁን በምታበራው መጠን የምትቆየው 5,000 ዓመት ያህል ነበር። የሰው ልጅ መጻፍ ከጀመረበት ጊዜ የሚበልጥ ዕድሜ አይሆንም።

በኮከብ ውስጥ የሚዋሐዱት አስኳሎቹ ራሳቸው ናቸው። የሃይድሮጅን አስኳል አንድ ፕሮቶን ብቻ ነው። ሁለት ፕሮቶኖች ሁለቱም ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ሲቀራረቡ ይገፋፋሉ። አንዱን ከሌላው የሚያጣብቀው የኑክሌር ኃይል ደግሞ የሚሠራው እጅግ ሲጠጋጉ ብቻ ነው። ስለዚህ በከፍተኛ ፍጥነት መላተም፣ ማለትም በጣም መሞቅ አለባቸው። በፀሐይ እምብርት ሙቀቱ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጋዙ እዚያ ከመታመቁ የተነሣ አንድ ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ቢሞላበት 150 ኪሎ ይመዝን ነበር።

እንዲያም ሆኖ ሥራው እጅግ አዝጋሚ ነው። ሁለት ፕሮቶኖች በቂ ያህል መጠጋጋታቸው ብቻውን አይበቃም፤ በዚያችው ቅጽበት አንዱ ቻርጅ ወደሌለው ቅንጣት፣ ወደ ኒውትሮን መለወጥ አለበት፤ ይህ ደግሞ በጣም አልፎ አልፎ የሚሆን ነገር ነው። አንድ ፕሮቶን ይህ ዕድል እስኪገጥመው በአማካይ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት ይጠብቃል። ፀሐይ ረጅም ዕድሜ ያገኘችው በዚህ አንድ ጠባብ በር ምክንያት ነው። በሩ ከታለፈ በኋላ ያለው ይፋጠናል፦ ከሁለቱ የተሠራው ከባድ ሃይድሮጅን በሰከንዶች ውስጥ ሌላ ፕሮቶን ይቀበልና ቀላል ሂሊየም ይሆናል፤ ሁለት ቀላል ሂሊየሞች ሲጋጠሙ አንድ ሙሉ ሂሊየም ይሠራሉ፣ ሁለት ፕሮቶን ይመልሳሉ። ሲጠቃለል አራት ሃይድሮጅን ገብቶ አንድ ሂሊየም ይወጣል።

የሂሊየሙ ክብደት ከአራቱ ሃይድሮጅኖች ድምር በ0.7 በመቶ ያንሳል። ከ1 ኪሎ ሃይድሮጅን 993 ግራም ሂሊየም ይገኛል፤ 7 ግራሙ ጉልበት ይሆናል። 7 ግራም ትንሽ ይመስላል እንጂ ከጣና ውሃ የሚመገበው፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ያን ያህል ጉልበት ለማውጣት በሙሉ አቅሙ ሳያቋርጥ ከ15 ቀን በላይ መሥራት ይኖርበታል።

አንድ ሰው የማይጠብቀው ነገር ደግሞ አለ። በፀሐይ መሐል እንኳ አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ የሚያመነጨው ከ300 ዋት ያነሰ ነው። በይዘት ካነጻጸርነው ተቀምጦ የሚያርፍ ሰው ገላ ከዚያ የበለጠ ሙቀት ያመነጫል። ፀሐይ እንዲህ የምታበራው እምብርቷ ኃይለኛ ምድጃ ስለሆነ አይደለም፤ እጅግ ትልቅ ስለሆነች ነው።

ክብደትና ሙቀት

ብዙ ማብራሪያዎች እዚህ ላይ የሚዘሉት ነጥብ አለ፤ ሳይገባ ከታለፈ ግን የቀረው ሁሉ ይምታታል። ኮከብ የሚያበራው ነዳጅ ስለሚያነድ ነው ብለን እናስባለን። በትክክል ሲነገር፣ ኮከብ የሚያበራው ትኩስ ስለሆነ ነው። ትኩስ የሆነውም የገዛ ክብደቱ ስለጨመቀው ነው። ትኩስ ነገር ሁሉ ሙቀቱ ያፈተልካል፤ ኮከብም በብርሃን መልክ ያፈስሰዋል። የውህደቱ ሥራ የፈሰሰውን መተካት ነው። ፀሐይ ውስጥ ዛሬ ውህደቱ ድንገት ቢቆም ነገ አትጨልምም፤ ቀስ በቀስ እየጠበበች፣ ከመጥበቧ በሚገኘው ሙቀት ብቻ በአሥር ሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ማብራት ትችላለች። የ19ኛው መቶ ዘመን ሊቃውንት የፀሐይን ዕድሜ ያሰሉት በዚህ መንገድ ነበር፤ የምድር ድንጋዮች ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ዕድሜ ማሳየታቸው ነው ስሌቱን ያፈረሰው።

ይህ አሠራር ራሱን ይቆጣጠራል። ውህደቱ ትንሽ ቢቀንስ ክብደቱ ያይላል፣ እምብርቱ ይጨመቃል፣ ይሞቃል፣ ውህደቱም ይመለሳል። ቢበዛ ደግሞ እምብርቱ ይለጠጣል፣ ይበርዳል፣ ውህደቱ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ፀሐይ እንደ ቦምብ የማትፈነዳው፣ እንደ ሻማም ጭል ጭል የማትለው።

ግን ቁጥጥሩ አንድ ዕዳ ያስቀምጣል። ጋዝ የሚጫነውን ክብደት የሚሸከመው በቅንጣቶቹ ብዛትና ፍጥነት ነው። አራት ፕሮቶኖችና አራት ኤሌክትሮኖች፣ ስምንት ቅንጣቶች ነበሩ፤ ከውህደት በኋላ አንድ ሂሊየምና ሁለት ኤሌክትሮኖች፣ ሦስት ብቻ ይቀራሉ። ሸካሚው ሲያንስ ሸክሙ አልቀነሰም። ስለዚህ እምብርቱ ይጠብባል፣ ይሞቃል፣ ሙቀቱም ሃይድሮጅኑን ከበፊቱ ፈጥኖ ያስበላዋል። ፀሐይ ስትጀምር ከነበራት ድምቀት ዛሬ በሲሶ ያህል ጨምራለች፤ በየቢሊዮን ዓመቱም 10 በመቶ ገደማ መጨመሯን ትቀጥላለች። ክምችቱ እየቀነሰ ሲሄድ ቁጠባ አይመጣም፤ ፍጆታው ይብሳል።

ጎተራውና ምድጃው ለምን አይገናኙም?

ሙቀት ከታች ወደ ላይ በሁለት መንገድ ይጓዛል። ሽሮ ድስት ውስጥ ሲፈላ ታች የሞቀው ራሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ላይ የበረደው ወደ ታች ይወርዳል፤ እየተገላበጠ ይማሰላል። የእንጀራ ምጣድ ግን እንዲህ አያደርግም፤ ሙቀቱ ሸክላውን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ሸክላው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የፀሐይ ውስጥ ከመሐሉ ጀምሮ እስከ ራዲየሷ 70 በመቶ ድረስ እንደ ምጣድ ነው፤ ብርሃን እየተላተመ ያልፋል፣ ጋዙ ግን ባለበት ይቀመጣል። እንደ ድስት የሚፈላው ላይኛው 30 በመቶ ብቻ ነው። ውህደቱ የሚካሄደው ደግሞ በመሐሉ፣ የራዲየሷን ሩብ በማያልፈው ክፍል ውስጥ ነው። ላይ የሚንተከተከው ሃይድሮጅን ወደዚያ የሚወርድበት መንገድ የለም፤ ታች የተሠራው ሂሊየምም ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ የለም። ቤት ውስጥ ምድጃ አመድ ሲሞላው ይዛቅና ይደፋል። ኮከብ አመዱን የሚዝቅለት የለም፤ ሂሊየሙ ከእሳቱ መሐል ላይ እየተጠራቀመ ሃይድሮጅኑን ይቀንሰዋል፣ በመጨረሻም ቦታውን ጠቅልሎ ይይዛል። በ10 ቢሊዮን ዓመት የሚበላው ሃይድሮጅን ከፀሐይ ጠቅላላ ክብደት አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው።

ጣናን ከዚህ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ በጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። ነፋስ ሲነሣ ከላይ እስከ ታች ያማስለዋል፤ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዐባይ ይዘውት የሚገቡት ደለል ውሃውን የሚያደፈርሰው በከፊል ለዚህ ነው። ጥልቅ ሐይቆች ግን ታችኛው ውሃቸው ከላይኛው ጋር ለብዙ ጊዜ ሳይገናኝ ይቆያል። ፀሐይ እንደ ጥልቁ ሐይቅ ናት። እንደ ጣና የሆኑ ከዋክብትም አሉ፤ ክብደታቸው ከፀሐይ ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በታች የሆነ ቀይ ድንኮች። እነዚህ የሚማሰሉት በነፋስ ሳይሆን ከውስጥ በሚመጣው ሙቀት ነው፤ ልክ እንደ ድስቱ። ሂሊየሙ በመላው አካላቸው ይበተናል፣ ሃይድሮጅኑም ያለማቋረጥ ወደ መሐል ይደርሳል። ስለዚህ ያላቸውን ሃይድሮጅን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይጠቀሙበታል። በዚያ ላይ የሚያበሩት በጣም በጥቂቱ ነው። ለፀሐይ ቅርብ የሆነው ኮከብ፣ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ የፀሐይን 12 በመቶ ይመዝናል፤ ዕድሜው በትሪሊዮን ዓመታት ይሰላል። ዩኒቨርሱ ራሱ ገና 13.8 ቢሊዮን ዓመቱ ስለሆነ እስከ ዛሬ በእርጅና የጠፋ ቀይ ድንክ አንድም የለም። በዓይን ብቻ የሚታይም የለም፤ ሰማዩን ግን የሞሉት እነሱ ናቸው።

ልዩነቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጣና በየክረምቱ ይሞላል። የጨረጨራው ግድብ ዐባይ መውጫ ላይ የሚለካው የዚያን ዓመት መጪና ሂያጅ ነው። ለኮከብ ግን ክረምት የለውም። ከጎኑ ሌላ ኮከብ ኖሮ ጋዝ ካላፈሰሰበት በቀር የተወለደበትን ይዞ ይጨርሳል።

መሐሉ ሂሊየም ሲሆን

ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ የፀሐይ መሐል ሂሊየም ብቻ ይሆናል። ሂሊየም በዚያ ሙቀት አይዋሐድም፤ ሁለት ሁለት ፕሮቶን ስላለው መገፋፋቱ የበረታ ነው። የፈሰሰውን ሙቀት የሚተካ ስለሌለ እምብርቱ መጨመቁን ይቀጥላል። ሲጨመቅ ይሞቃል፤ በዙሪያው ያለውን፣ እስካሁን ያልተነካውን ሃይድሮጅን ያቀጣጥለዋል። አሁን እሳቱ መሐል ላይ መሆኑ ቀርቶ በአመዱ ዙሪያ እንደ ቀለበት ይነዳል። ከበፊቱም እጅግ የበረታ ነው። ውጫዊው አካል ይህን ሙቀት ተቀብሎ ይነፋል፤ ስለሚሰፋም ገጹ ይበርድና ይቀላል። ቀይ ግዙፍ የሚባለው ኮከብ ይህ ነው። ነዳጅ ጎደለበት የተባለው ኮከብ በመቶና በሺህ እጥፍ ደምቆ ይታያል።

እምብርቱ 100 ሚሊዮን ዲግሪ ሲደርስ ሂሊየም መዋሐድ ይጀምራል። እዚህም አንድ እንቅፋት አለ። ሁለት ሂሊየሞች ሲገጥሙ የሚሠራው ቤሪሊየም ወዲያው ይፈርሳል። ሳይፈርስ ሦስተኛ ሂሊየም ሊመታው ይገባል፤ ያኔ ካርቦን ይሆናል። የከዋክብት ተመራማሪው ፍሬድ ሆይል በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ፣ የካርቦን አስኳል ይህን የሚያመቻች ልዩ የጉልበት ደረጃ ከሌለው በዓለም ላይ ይህ ሁሉ ካርቦን ሊኖር አይችልም ብሎ ተነበየ፤ በላቦራቶሪ ሲፈተሽም ደረጃው ተገኘ። ከዚያም ካርቦኑ ላይ አራተኛ ሂሊየም ሲጨመር ኦክስጅን ይሆናል።

ይሁን እንጂ ትርፉ ትንሽ ነው። ከ1 ኪሎ ሂሊየም ወደ ካርቦን ሲኬድ የሚገኘው ጉልበት ከ1 ኪሎ ሃይድሮጅን የሚገኘውን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ኮከቡ ግን በዚህ ጊዜ ከድሮው በአሥር እጥፎች ደምቆ ያበራል። ገቢው አንሶ ወጪው ስለበዛ፣ 10 ቢሊዮን ዓመት የፈጀ ደረጃ አልፎ የሂሊየሙ ደረጃ 100 ሚሊዮን ዓመት ያህል ብቻ ይቆያል።

ቀጥሎ ያለው በኮከቡ ክብደት ይወሰናል። ካርቦን ለመዋሐድ ከ600 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ፀሐይ ያን ሙቀት አታገኝም። እምብርቷ ሲጨመቅ ኤሌክትሮኖቹ ከዚህ በላይ መጠጋጋት እንቢ የሚሉበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። ይህ እንቢታ ከሙቀት የመጣ አይደለም፤ ቢበርዱም ያው ነው። ስለዚህ መጨመቁ ይቆማል፣ መጨመቁ ሲቆም መሞቁ ይቆማል፣ ካርቦኑም ሳይነካ ይቀራል። ውጫዊው ጋዝ ወደ ጠፈር ይበተንና መሐሉ ነጭ ድንክ ሆኖ ይቀራል። የፀሐይን ግማሽ ያህል ክብደት ምድርን በሚያህል ክብ ውስጥ የያዘ ነው፤ ከሱ አንድ የሻይ ማንኪያ በርካታ ቶን ይመዝናል። በካርቦንና በኦክስጅን የተሞላ ነው፤ ሊዋሐድ የሚችል ነገር ማለት ነው። «ነዳጅ አለቀ» የሚለው አነጋገር ይበልጥ የሚያሳስተው እዚህ ነው። ነዳጁ አለ፤ የሚያቀጣጥለው ክብደት ነው የጠፋው።

ከባዶቹ ከዋክብት ለምን ይቸኩላሉ?

የፀሐይን 10 እጥፍ የሚመዝን ኮከብ 10 እጥፍ ነዳጅ አለው። በቀላል ሂሳብ ረጅም ዕድሜ ሊኖረው ይገባ ነበር። ግን ያንን ሁሉ ክብደት ለመሸከም መሐሉ ይበልጥ መሞቅ አለበት። ከፀሐይ ከበድ ያሉት ከዋክብት ሃይድሮጅንን የሚያዋሕዱት በሌላ መንገድ ነው፤ ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን እንደ አጋዥ ሆነው ፕሮቶኖችን አንድ በአንድ ይቀበላሉ፣ በመጨረሻ ሂሊየም አውጥተው ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ይህን መንገድ የፊዚክስ ሊቁ ሃንስ ቤተ እ.ኤ.አ. በ1939 አብራርቶ ጽፎታል፤ በ1967ም የኖቤል ሽልማት አገኘበት። መንገዱ ለሙቀት እጅግ ስሜት አለው፦ ሙቀቱ 10 በመቶ ሲጨምር ፍጥነቱ ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል። በዚህ የተነሣ ያ ኮከብ የሚያበራው በሺዎች እጥፍ ነው። አሥር እጥፍ ጎተራ፣ በሺዎች እጥፍ ተመጋቢ፤ ዕድሜው ከ20 እስከ 30 ሚሊዮን ዓመት ይሆናል።

የፀሐይን 8 እጥፍና ከዚያ በላይ የሚመዝኑት ካርቦኑን ማቀጣጠል ይችላሉ፤ ብዙዎቹም እዚያ አይቆሙም። የአንዱ ደረጃ አመድ ለቀጣዩ ማገዶ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ግን ከበፊቱ የበለጠ ሙቀት ይጠይቃል። የፀሐይን 25 እጥፍ ለሚመዝን ኮከብ የተሠራው የታወቀ ስሌት እንዲህ ይላል፦ ሃይድሮጅኑ 7 ሚሊዮን ዓመት ይቆያል፤ ሂሊየሙ ከግማሽ ሚሊዮን ዓመት በላይ፤ ካርቦኑ 600 ዓመት፤ ኒዮኑ 1 ዓመት፤ ኦክስጅኑ ግማሽ ዓመት፤ ሲሊከኑ 1 ቀን።

ከመቶ ሺዎች ዓመት ወደ 600፣ ከ600 ወደ 1 ቀን የሚያወርደው ምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ትርፉ ማነሱ ነው። ከሃይድሮጅን እስከ ብረት ባለው መንገድ ሁሉ ከሚገኘው ጉልበት 80 በመቶው የሚወጣው በመጀመሪያው ደረጃ፣ ሃይድሮጅን ሂሊየም ሲሆን ነው። የቀሩት ደረጃዎች በሙሉ የሚካፈሉት 20 በመቶውን ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዚህ ይከብዳል። ከካርቦን ጀምሮ እምብርቱ ከመሞቁ የተነሣ ራሱ ሙቀቱ ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶችን በብዛት ይወልዳል። ብርሃን ከኮከብ መሐል ለመውጣት እየተላተመ ብዙ ሺህ ዓመት ይፈጅበታል፤ በመንገዱም ላይ ንብርብሩን ይደግፋል። ኒውትሪኖ ግን ማንንም ሳይነካ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ድስቱ ከሥሩ ተበሳ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የሚመረተው ጉልበት አብዛኛው ኮከቡን ሳያሞቅ ያልፋል፤ የጎደለውን ለመሙላት ውህደቱ በሩጫ ይሄዳል።

በመጨረሻው ቀን ኮከቡን ቢቆርጡት እንደ ቀይ ሽንኩርት ንብርብር ነው፦ ከውጭ ሃይድሮጅን፣ ከሥሩ ሂሊየም፣ ካርቦን፣ ኒዮን፣ ኦክስጅን፣ ሲሊከን፣ መሐሉ ላይ ብረትና ዘመዶቹ። ውጫዊው ሃይድሮጅን አሁንም ብዙ ነው።

ብረት ላይ ሲደርስ

የአስኳል ቅንጣቶች ከሁሉ ይበልጥ ተጣብቀው የሚገኙት በብረትና በኒኬል አካባቢ ነው። ከብረት በታች ያሉት ሲዋሐዱ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ከብረት በላይ ያሉት፣ ለምሳሌ ዩራኒየም፣ ጉልበት የሚሰጡት ሲሰነጠቁ ነው። ብረት ራሱ በሁለቱም መንገድ ጉልበት ይወስዳል እንጂ አይሰጥም። ስለዚህ የብረት እምብርት የኮከቡ የመጨረሻ አመድ ነው፤ ቀጣይ ማገዶ አይሆንም።

ሲሊከኑ መንደዱን ሲቀጥል ብረቱ እየተከመረ የፀሐይን 1.4 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ይህ የኤሌክትሮኖቹ እንቢታ የሚሸከመው ጣሪያ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ቻንድራሴካር በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሰላውና በስሙ የሚጠራው ወሰን ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር አብሮ ይሆናል። ሙቀቱ ከመበርታቱ የተነሣ ብርሃኑ ብረቱን መልሶ ይሰባብረዋል፤ በሚሊዮን ዓመታት የተገነባው በቅጽበት ይፈርሳል፣ ለመፍረስም ጉልበት ይበላል። ክብደቱን የተሸከሙት ኤሌክትሮኖችም በፕሮቶኖች እየተዋጡ ኒውትሮን ይሆናሉ። ምሰሶው ራሱ ተነቀለ። ምድርን የሚቀራረብ ስፋት የነበረው እምብርት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወድቃል። ከደቅ ደሴት የሚሰፋ፣ ጣና ላይ ግን በደንብ የሚያርፍ ኳስ ነው፤ ክብደቱ ከፀሐይ ይበልጣል። ኒውትሮን ኮከብ ይባላል፤ ክብደቱ ከበዛ ደግሞ መውደቁ አይቆምም፣ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ውጫዊው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ሱፐርኖቫ በሚባል ፍንዳታ ይበተናል።

ከዚህ ውድቀት ከሚገኘው ጉልበት 99 በመቶው የሚወጣው በኒውትሪኖ ነው። ይህ ስሌት ብቻ አይደለም። የካቲት 16 ቀን 1979 በእኛ አቆጣጠር፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1987፣ ትልቁ የማጄላን ደመና በሚባለው ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ አንድ ኮከብ ሲፈነዳ በጃፓን፣ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት የነበሩ መሣሪያዎች ሁለት ደርዘን ያህል ኒውትሪኖ ያዙ። የያዙትም ብርሃኑ ከመታየቱ ከሰዓታት በፊት ነበር።

ከዳርቻው ላይ ሆኖ ማየት

እነዚህን ደረጃዎች በባዶ ዓይን ማየት ይቻላል፤ መብራት ራቅ ባለበት የሐይቁ ዳርቻ ይበልጥ ያምራሉ። በጥር አጋማሽ፣ ጥምቀት ሰሞን፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ፊትዎን ወደ ደቡብ አዙረው ከአናትዎ በላይ ይመልከቱ። ሦስት ከዋክብት በአንድ መስመር የተደረደሩበት፣ በመጽሐፈ ኢዮብም ስሙ የሚነሣው ኦሪዮን ነው። ከሦስቱ በላይ፣ አናትዎ ላይ ሊባል በሚችል ቦታ ያለው ቀላ ያለው ቤቴልጁስ ነው። ሃይድሮጅኑን በመሐሉ ጨርሷል፤ በፀሐይ ቦታ ቢቀመጥ ገጹ ከማርስ ምህዋር ያልፋል። ከሦስቱ በታች ያለው ሰማያዊ ነጭ ሪጀል ነው፤ እሱም የመጀመሪያውን ደረጃ አልፏል። ወደ ምዕራብ ብርቱካንማው አልዴባራን ሃይድሮጅንን በአመዱ ዙሪያ የሚያነድ ቀይ ግዙፍ ነው፤ ፀሐይ የምትሄድበት መንገድ ይህ ነው። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከሁሉ የሚደምቀው ሲሪየስ ገና ሃይድሮጅኑን በመሐሉ ያዋሕዳል፤ አጠገቡ ግን በቴሌስኮፕ ብቻ የሚታይ ነጭ ድንክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1862 የተገኘው ይህ ጓደኛው ቀድሞ የከበደው ነበር፣ ስለዚህ ቀድሞ ጨረሰ። ዞረው ወደ ሐይቁ፣ ወደ ሰሜን ቢመለከቱ፣ እጅዎን ዘርግተው ጡጫዎን ከአድማሱ ላይ ሲያስቀምጡ ከጡጫው ጥቂት ከፍ ብሎ የሰሜን ኮከብ አለ። እሱም የመሐሉን ሃይድሮጅን ጨርሷል።

ቤቴልጁስ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ በግልጽ ሲደበዝዝ ሊፈነዳ ነው የሚል ወሬ ተሰምቶ ነበር። ያደበዘዘው ግን ከራሱ ገጽ የወጣ ጋዝ በርዶ የሠራው አቧራ ነው፤ ከነዳጁ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ብዙዎቹ ስሌቶች እምብርቱ ገና ሂሊየም ላይ ነው ይላሉ። ከካርቦን ጀምሮ ያሉት ደረጃዎች ከመፍጠናቸው የተነሣ፣ በመሐል የሚሆነው ለውጥ በሙቀት መልክ ገጹ ላይ ሳይደርስ ያልቃሉ። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ከቀለሙና ከድምቀቱ ለይቶ ማወቅ ይከብዳል። ቀኑ ሲመጣ ቀድሞ የሚነግረን ኒውትሪኖው ነው፤ ቤቴልጁስ አናታችን ላይ እንደ ወትሮው ቀልቶ እየታየ፣ ኒውትሪኖው ጣናንም ምድርንም ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከሰዓታት በኋላ ብርሃኑ ይከተላል።